ከጣቷ የቀደመው ዝላይ

«እስቲ መልሰው፤ ከዝላዩ በፊት ያለውን።»

ስልኩን የያዘው ልጅ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ጎተተው። ስድስት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተደፍተዋል። በስልኩ መስታወት ላይ ሁለት እጆች ጥቁር ጆይስቲክ ይዘው ይታያሉ፤ ከእጆቹ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቀይ ሳጥን፣ ከሳጥኗ ኋላ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ጢንጥዬ ሰውዬ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ ግንብ ይወጣል። ከላይ በትልልቅ ፊደል «ያኔ፦ ልጅነትዎ ተመልሶ መጣ» ይላል።

«እጇን እዩት በናታችሁ! ነፍ ፈጣን ናት» አለ ባለስልኩ።

«ግን…» አለ ከኋላ የቆመው ልጅ።

ሁሉም በአንድ አፍ አጉረመረሙ። ይህን ልጅ ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ በስሙ የጠራው የለም። አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የምትወጣው ቃል «ግን» ስለሆነች «ግኖ» ብለውት ቀረ። የሒሳብ መምህሩ እንኳ አንድ ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ ወደ እሱ ዞረው «እሺ ግኖ፣ ምን ጎደለ?» ይሉታል።

«ግን ዝላዩ ከጣቷ ይቀድማል» አለ ግኖ፣ በልጆቹ ትከሻ መሀል እጁን አሾልኮ እያመለከተ። «እዩ፣ ሰውዬው ተነሣ። አሁን ነው ቁልፉን የተጫነችው። መጀመሪያ ዘለለ፣ ከዚያ ታዘዘ።»

«ኔትወርክ ነው።»

«አቦ ፋራ አትሁን! ቪዲዮው ነው የሚጎተተው።»

ግኖ ዞር ብሎ ዴስኩ ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አያት። የእስክሪብቶዋን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቪዲዮው ውስጥ ያሉት እጆች የእሷ ናቸው። ቪዲዮው ከወጣ ጀምሮ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ሳጥኗን ሠራሁ ያለው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«አንቺ አይደለሽ የተጫወትሽው?» አላት። ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። «ሰውዬው ይታዘዝሽ ነበር?»

ስድስት ጭንቅላት ወደ እሷ ዞረ።

«አዎ» አለች። «ቀጥ ብሎ ነው የሚታዘዘው።»

«አየህ!» አሉ ልጆቹ፤ አንዱ በደብተር ጀርባውን መታው። ግኖ አንድ አፍታ አያትና «እሺ እንግዲያው» ብሎ ተቀመጠ። አምኗት ነበር። ልጅቷ ያንን ፊቱ ላይ አይታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ዘጋችው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ወንድሟ በሰባት ዓመት ይበልጣታል። ኤሌክትሮኒክስ ሊማር ኮሌጅ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት አቋርጦ ወጥቷል፤ የሰፈሩ ሰው ግን የወጣበትን ቀን ስላላወቀ እስከ ዛሬ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። እሱም አላረመም። የሞተ ራዲዮ ያስነሣል፣ የጎረቤት ሪሞት ይጠግናል፣ ወሬም ያምርበታል። ባለፈው ዓመት አንድ ሐሳብ መጣለት፦ የአባቶቻቸው ዘመን ልጆች ይጫወቷቸው የነበሩትን ጌሞች ሁሉ የምትይዝ አንዲት ሳጥን። መነሻ ገንዘብ ስላልነበረው ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተ፦ አሁን የሚያዋጣ ሰው፣ ሳጥኗ ስትሠራ ቀድሞ ይወስዳል።

ቪዲዮውን ያነሡት አንድ ቅዳሜ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። የእናቷ የስፌት መኪና ወደ ጥግ ተገፍቶ፣ መጋረጃው ተዘግቶ። የጆይስቲኩ ገመድ በሳጥኗ ኋላ ይዞርና እዚያው በጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ ያልቃል። የትም አይገባም። ምስሉ የሚመጣው ጠረጴዛው ሥር፣ ከጨርቁ ኋላ ከተደበቀው ላፕቶፕ ነበር፤ ወንድሟ አስቀድሞ ተጫውቶ የቀዳው ጨዋታ።

«ጨዋታውን የምታንቀሳቅሰው ቦርድ ትናንት ተቃጠለችብኝ» አላት ያን ቀን፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ነው። ሰው ካላየ አያዋጣም፤ ካላዋጣ ደግሞ ቦርዱን በምን እገዛዋለሁ? ገባሽ ሚጡ? ውሸት አይደለም። ትንሽ ቀደም ያለ እውነት ነው።»

አባባሉ ደስ አላት። ሰውዬው የት የት እንደሚዘል እስክትሸመድድ ድረስ ቀረጻውን ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ በምስሉ ልክ ጣቷን ማንቀሳቀስ ጀመረች። አሥራ አንድ ጊዜ አነሡት። በአሥራ አንደኛው ወንድሟ ከመሬት ብድግ አድርጎ አቀፋትና «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ የሚላትን ቀን ስትጠብቅ ነበር የኖረችው።

ግኖ ክፍል ውስጥ ዝም አለ እንጂ ጥያቄው ከውስጡ አልወጣም። ከሁለት ቀን በኋላ ገጹ ላይ ጻፈ።

«ሰላም ለሁላችሁ። በአርባ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ዝላዩ ከቁልፉ ይቀድማል። የተጫወተችውን ልጅ አውቃታለሁ፤ ውሸት አታውቅም። ስለዚህ ስሕተቱ የቀረጻው ይመስለኛል። ሌላ ቪዲዮ ቢነሣና የሳጥኗ ውስጥ ቢታይ ጥርጣሬው ይጠፋል። አመሰግናለሁ።»

ከሥሩ ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። «ልጁ እኮ ልክ ነው» አለ አንዱ። ሁለት ሰዎች ያዋጡት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ወንድሟ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እየተንደረደረ ቤት መጣና ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው።

«ማነው ይሄ?»

«የክፍሌ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም፣ እንዲሁ መጠየቅ ይወዳል።»

«መጠየቅ ይወዳል! የኔ የአንድ ዓመት ልፋት በሱ ጥያቄ ገደል ይግባ?» ወዲያ ወዲህ አለ። «ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? ይኸው አላሳጣኝም። በስምሽ መልሺለት። አንቺ ካልሽ ያምናሉ።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እሱ ነገራት፣ እሷ ጻፈች፦ «ቪዲዮው ላይ የተጫወትኩት እኔ ነኝ፤ ጨዋታው በትክክል ይሠራል።» ሁለተኛውን ማንም አልነገራትም። ጣቷ እዚያው ቀጠለች፦ «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። ሰው ሲሳካለት ማየት የማይችል ምቀኛ ነው።»

ወንድሟ አነበበውና «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

በማግስቱ ክፍል ስትገባ ዴስኩ ላይ በጠመኔ «ምቀኛው» ተብሎ ተጽፏል። ግኖ በእጅጌው እየጠረገው ነበር። ስትቀመጥ ቀና ብሎ አላያትም። በእረፍት ሰዓት ወደ ክፍል ኃላፊዋ መምህር ሄዶ አንድ ነገር አላቸው፤ ከሰዓት ቦርሳውን ይዞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። የእግር ኳስ ቡድን ሲከፋፈሉ «ምቀኛውን ማን ይወስዳል?» ይባባሉና ይስቃሉ። ሳይስቅ የሚቀር አንድም አልነበረም፤ አንዳንዴ እሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ሐሙስ ዕለት የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ጥያቄ ሠርተው ጨረሱ። ሆን ብለው አንድ ምልክት ዘልለዋል፤ ይህ የቆየ ጨዋታቸው ነው። «እሺ ግኖ፣ ምን ጎደለ?»

«ምንም» አለ ግኖ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል።

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያ የዘለሉትን ምልክት ራሳቸው ጻፉት።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጋራዡ ውስጥ አውቶቡሱን የሚጠግኑት ሜካኒክ ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዳጁ ናቸው። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ በመጣው እሑድ ቤት ድረስ መጡ፤ ሳጥኗን በዓይናቸው ለማየት። ወንድሟ ቀይዋን ሳጥን በፎጣ ጠቅልሎ አመጣና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ሜካኒኩ ሳጥኗን ከፍ ዝቅ አደረጓት። «ከበድ ትላለች! ዕቃ እኮ ከክብደቱ ነው የሚታወቀው» አሉ ለአባቷ። «የዛሬ ዘመን ዕቃ ሁሉ ላባ ነው።»

«ልጄ የሠራው ነው እንግዲህ» አለ አባቷ። ሳቁ እስከ ጆሮው ደረሰ።

ከዚያ ሜካኒኩ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ጣተ ወርቋ? አየሁሽ እኮ! ልጄ ስልኩ ላይ አሳየኝ።» ጥፍራቸው ሥር የማይለቅ ጥቁር ግሪስ ያለበትን እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። «እኔና ወንድሜ እንዳንቺ ፈጣን አልነበርንም። ጎረቤት አንድ ጌም ነበር፣ ጆይስቲኩም አንድ። በተራ ተጫወቱ ሲሉን አንስማማም። በኋላ ዘዴ አገኘን፤ እሱ መሄጃውን ይይዛል፣ እኔ መዝለያውን። ለሁለት አንድ ሰውዬ! እሱ ሳይነግረኝ ይሮጣል፣ እኔ ሳልነግረው እዘላለሁ፣ ገደል ገብተን እንጣላለን።» ሳቁና ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ። «አሁን የለም። አምስት ዓመቱ። ያቺን ጌም ዳግመኛ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ሲወጡ በር ላይ ለአባቷ የነገሩትን ሰማች። ለጋራዡ ሠራተኞች ቪዲዮውን አሳይተው ዘጠኙም እንዲያዋጡ አድርገዋል። «ልጅቷን ስትጫወት አይቻታለሁ፣ የወዳጄ ልጅ ናት አልኳቸው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?»

ሳጥኗ ትደርሳለች የተባለበት ወር መጣና አለፈ። ወንድሟ ገጹ ላይ የቀለም ምርጫ አወጣ፤ ሰማያዊ ይሁን ወይስ አረንጓዴ? ቀጥሎ ፋብሪካው ዘገየ አለ። ቀጥሎ ዕቃው መርከብ ላይ ነው አለ። በመጨረሻ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ጻፈ። አንድ ሰው ከሥሩ «እንቁላሉ ገና አልተጣለም እኮ» ብሎ መለሰ፤ ወንድሟ መልሱን አጠፋው። አባቷ ጠዋት ጠዋት ጋራዥ ሲደርስ ሜካኒኩ «እህሳ፣ መርከቧ የት ደረሰች?» ይሉታል። አባቷ ይህን ማታ ራት ላይ እየሳቀ ያወራ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን «ምን ልበላቸው? ዝም ብዬ አውቶቡሱ ውስጥ እገባለሁ» ብሎ ማውራቱን ተወው።

የዓመቱ ፈተና ሊደርስ ሲል ወንድሟ ሁለተኛ ዙር እንደሚጀምር አስታወቀ። አዲሷ «ያኔ ፕላስ» ትባላለች። ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ተሰብስበው አንድ ሊገዙ መመካከር ጀመሩ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወንድሟ ሰማያዊ ሳጥን ይዞ ቤት ገባ።

«ያው እንደበፊቱ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አላት። «የስልክ ማቆሚያውን ረስቼ መጣሁ። ሄጄ እስክመለስ እጅሽን ታጠቢ፣ ቀለም አለበት።»

እናቷ ገበያ ነበረች፣ አባቷ ሥራ ላይ። ልጅቷ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ተቀመጠች። ሳጥኗን ብድግ ስታደርጋት ትከብዳለች። ቦርዱን አንዴ በዓይኔ ልየው፤ አይቼው ልረፍ፤ ብላ አሰበች። የአባቷን ብሎን መፍቻ ከመሳቢያ አወጣች። ብሎኖቹ አራት ነበሩ፤ ፈታቻቸው።

ውስጧ አንዲት ትንሽ አምፖልና ባትሪ አሉ። ከእነሱ ጎን በፕላስተር የተጠቀለሉ ሁለት የብረት ቁራጮች ወለሉ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፈዋል። ሌላ ምንም የለም። ቦርድ የሚታሰርበት ቀዳዳ የለም፣ ገመድ የሚገባበት የለም። የኋላዋ መሰኪያ በላይዋ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው።

በሩ ሲከፈት አልተነሣችም። ወንድሟ ማቆሚያውን ይዞ ገባ፣ የተከፈተችውን ሳጥን አየ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

«ቦርዱ የት ነው?» አለች።

«ሚጡ…»

«ተቃጠለ ያልከኝ ቦርድ የት ነው?»

ወንድሟ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማቆሚያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «የተቃጠለ ነገር አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ሞክሬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አራት ወር ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ ብዬ አሰብኩ። ሳጥኗን የሠሩት ሰዎች የተዋጣውን ገንዘብ ግማሹን በሉት፣ የቀረው በኪራይ በምን አለቀ። እኔ ሌባ አይደለሁም። ይሄ ሁለተኛው ዙር ከተሳካ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች…»

«ከሁለተኞቹ ወስደህ?»

ወንድሟ ማቆሚያውን አጥፎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«የሜካኒኩ ወንድም እኮ ሞቷል» አለች። የተናገረችው ነገር ራሷንም ግራ አጋባት። «አባዬ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚላቸው ታውቃለህ? ምንም። ዝም ብሎ አውቶቡሱ ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ ሂጂና ተናገሪያ!» ወንድሟ ድንገት ተነሣ። «ሂጂ! ቪዲዮው ላይ የኔ ፊት አለ? የለም። ያለው እጅ ነው። የማን እጅ ነው? በስሟ የጻፈችውስ ማናት?»

ወንድሟ የተናገረውን ራሱ የሰማው ዘግይቶ ይመስል እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደደ። «እንደዚያ ለማለት አይደለም። ሚጡ፣ ስሚኝ…» እሷ ከእጁ ሥር ወጣች። ብሎን መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ግኖ የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው። አክስቱ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናት፤ ሱቋ ሆዳቸው በተከፈተ ቴሌቪዥኖች የተሞላ ነው። ልጅቷ ስትገባ አክስቱ መበየጃውን ይዛ አንድ ቦርድ ላይ አቀርቅራለች፣ ግኖ ባንኮኒው ላይ የቤት ሥራውን ይሠራል። አክስቱ ልጅቷንም እሱንም አየች። «ሽቦ አልቆብኛል፣ ልግዛ» ብላ ሙሉ የሽቦ ጥቅል ባለበት ጠረጴዛ አጠገብ አልፋ ወጣች።

ልጅቷ ቆማ ነገረችው። ስለ ገመዱ፣ ስለ ላፕቶፑ፣ ስለ ብረቱ። መንገድ ላይ ስታጠናው መጥታ ነበር፤ ይሁንና ሁሉም በአንዴ ተደራርቦ ወጣ። ስትጨርስ ግኖ እስክሪብቶውን ደብተሩ መሀል አስገብቶ ዘጋው።

«ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለ። «እኔማ አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምቀኛ ያልሽኝ ቀን። እስከዚያ አምኜሽ ነበር። ምቀኛ ስትይኝ ግን፣ ይቺ ልጅ መልስ የላትም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ «ግን» ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይቅርታ» አለች።

«ሰማሁ።»

ሌላ ነገር ጠበቀች። እሱ ደብተሩን መልሶ ከፈተ። «የጻፍሽው እዚህ አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ከቁጥሮቹ ላይ ሳያነሣ። «እዚያ ነው ያለው። ሰው እስካሁን ያነበዋል።»

ቤት ስትመለስ ወንድሟ ሳጥኑንም ማቆሚያውንም ይዞ ሄዷል። እናቷ የአንድ ሰው ቀሚስ ጫፍ እየሰፋች ነው። አባቷ ከሥራ ገብቶ እግሩን የሞቀ ውኃ ውስጥ ነክሯል። ልጅቷ መሀላቸው ቆመች፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስለሆነ ቃላቱ በሥርዓት ወጡ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ሳጥኗ ውስጥ ምን ነበር ያልሽው?» አለ አባቷ።

«ብረት። እንድትከብድ።»

አባቷ ሳቅ የሚመስል ነገር በአፍንጫው አወጣ። «ብረቱን ነበራ ያመሰገንነው።»

«ገጹ ላይ ልጽፈው ነው» አለች ልጅቷ።

«ምን?» እናቷ ብድግ ስትል ቀሚሱ ከጭኗ ወደቀ። «ወንድምሽ ነው እኮ! የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል? እኔ ልጥራውና በጓዳ እንነጋገር፣ ሽማግሌ እናስቀምጥ፣ ቀስ ብሎ ለሰዉ ይመልስ…»

«ሰኞ ሌሎች ሰዎች ሊያዋጡ ነው እማዬ። የክፍሌ ልጆች አሉበት።»

«ያዋጡ! ካልፈለጉ ይቅርባቸው። አንቺን ምን አገባሽ?»

«እጁ የኔ ነው።»

እናቷ ወደ አባቷ ዞረች። «አንተ አትናገርም?» አባቷ ውኃው ውስጥ እግሩን ያያል። አልከለከላትም፤ ጻፊም አላላትም።

ልጅቷ ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ የራሷን የድሮ መልስ ፈልጋ አገኘችው። ከሥሩ መቶ ምናምን ሰው ወዶታል። ልታጠፋው አሰበች፤ ከዚያ ካጠፋሁት ሰው ምን እንዳልኩ አያውቅም ብላ ተወችው። ከሥሩ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። ጆይስቲኩ ከምንም ጋር አልተገናኘም ነበር። ምስሉ ተቀድቶ የተከፈተ ነው። ሳጥኗን ከፍቼ አይቻታለሁ፣ ውስጧ ባዶ ነው። የጠየቀው ልጅ ምቀኛ አይደለም፤ የጠየቀው ሁሉ ልክ ነው። እባካችሁ ለሁለተኛው ዙር አታዋጡ።»

ላከችው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። «ሌባ ከነቤተሰቡ!» «አሁን ደግሞ ንጹሕ ልትመስል ነው።» «እጇ ይቆረጥ።» አንዲት ሴት ብቻ «እንኳንም ተናገርሽ» ብላ ጻፈች፤ እሷንም ሌሎቹ ተሰበሰቡባት። የግኖን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለገች። አልነበረም። ከዚያ ወንድሟ ደወለ። አነሣችው።

«ደስ አለሽ?» አለና ዘጋው።

ራት ሲቀርብ እናቷ ሳህኗን ፊቷን ሳታይ አስቀመጠችላት። የተጠራው ወንድሟ አልመጣም፤ ወንበሩ ግን እንደተሳበለት ቆየ።

ሰኞ ማለዳ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ አባቷ በር ላይ የሥራ ኮቱን ይቆልፋል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እሳቸው ስልክ ማየት አይወዱም፤ ገና አልሰሙም» አለ፣ ማንን እንደሆነ ሳይጠራ። «ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆመች። ትምህርት ቤቱ ወደ ግራ ነው፣ ጋራዡ ወደ ቀኝ። ትምህርት ቤትም ቢሆን ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ዴስኩ ላይ የሚጻፈውን ቃል ከአሁኑ ታነበዋለች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለች።

«ሰውዬው ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ።»

አባቷ የቀረችውን አንድ ቁልፍ ቆለፈ። ምንም ሳይላት ወደ ቀኝ መራመድ ጀመረ፤ እሷም ጎን ለጎን ሄደች። እንደ ልማዱ ቦርሳዋን ልያዝልሽ አላላትም።

ጋራዡ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ጉድጓዱ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የመዶሻ ድምፅ ይመጣል። ወለሉ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። ሁለት ሠራተኞች ጎማ እያንከባለሉ አለፉና ልጅቷን ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ እነሱ ሰምተዋል። መዶሻው ቆመ። ሜካኒኩ ከጉድጓዱ ብቅ አሉ፣ በጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ። ማን እንደመጣ ሲያዩ ፊታቸው ሁሉ ተከፈተ።

«ጣተ ወርቅ! በጠዋቱ!» መሰላሉን በሁለት እርምጃ ወጡት። ዓይናቸው ወደ እጆቿ፣ ከእጆቿ ወደ ቦርሳዋ፣ ከቦርሳዋ ወደ አባቷ ሮጠ። «መጣች እንዴ?»

አባቷ መሬት መሬት አየ።

«አልመጣችም ጋሼ» አለች ልጅቷ። «እስቲ ይቀመጡ። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»

ሜካኒኩ ጨርቁን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ግድግዳው ሥር የነበረውን አሮጌ ጎማ በእግራቸው ሳቡና ተቀመጡበት። ሌላ መቀመጫ አልነበረም፤ ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ፊት ለፊታቸው ቆማ ጀመረች።